በሳምንት ፊት የሚያቀላ ክሬም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

እህቶቼም ወንድሞቼም፣ የሠርግ ወቅት እየደረሰ ነው። ቴሌግራሙም ቲክቶኩም "በሰባት ቀን ጥርት ያለ ፊት" በሚሉ ማስታወቂያዎች ተጥለቅልቋል። እባካችሁ እንዲህ እየተባለ የሚሸጠውን ክሬም አትግዙ። የገዛችሁ ካላችሁም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የአክስቴ ልጅ ለሠርጓ ስትዘጋጅ ከአንድ የኮስሞቲክስ ሱቅ "የሙሽራ ሚክስ" የሚሉትን ገዛች። ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። የአምራች ስም የለው፣ የተመረተበት ቀን የለው፣ ውስጡ ምን እንዳለ የሚናገር አንዲት መስመር የለው። ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ "ማታ" ተብሎ ተጽፏል፤ በቃ። ለዚህ ሁለት ሺህ ብር ከፍላለች። ሻጯም "ከዓረብ አገር የመጣ ኦሪጅናል ነው፣ ከተፈጥሮ ነገር ብቻ የተሠራ" ብላታለች።

ውጤቱ ፈጣን ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ፊቷ ወለል አለ፣ ማድያቷ ደበዘዘ፣ ያያት ሁሉ "ምን ተቀብተሽ ነው?" ይላት ጀመር። ሠርጉ አልፎ ስታቆመው ግን ጉድ ፈላ። ፊቷ በርበሬ መሰለ፣ ይለበልባት ጀመር። ጉንጯ ላይ ቀጫጭን ደም ስሮች ወጡ። ብጉር ነክቶት የማያውቀው ግንባሯ በሽፍታ ተሞላ። አገጯ ላይ ፀጉር በቀለ። ወደ ሱቁ ተመልሳ ስታሳያት ሻጯ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ስላቆምሽው ነው የኔ ቆንጆ፣ መልሰሽ ጀምሪው።" ሌላ ዕቃ ሸጠችላት።

የቆዳ ሐኪሙ ፊቷን እንዳየ "ይህ የስቴሮይድ ጉዳት ነው" አላት። ስቴሮይድ የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ የመድኃኒት ዓይነት ነው። በእነዚህ ክሬሞች ውስጥ በብዛት ከሚገኙት ስቴሮይዶች አንዱ ክሎቤታሶል የሚባለው ነው። በራሱ መጥፎ መድኃኒት አይደለም። ለሶርያሲስ (ቆዳን ለሚያቀላና ለሚያቀርፍ ሕመም) እና ለጠና ችፌ ሐኪም የሚያዘው ነው። ግን ከቆዳ ስቴሮይዶች ሁሉ በጣም ኃይለኛ ከሚባሉት ተርታ ነው። በተለምዶ ከሁለት ሳምንት በላይ በተከታታይ አይታዘዝም። ፊት ላይ እንዳይቀባም ይመከራል። ደም ስርን ስለሚያጠብብና የቆዳን ቀለም ስለሚቀንስ መጀመሪያ ላይ ፊት የጠራ ይመስላል። ውሎ ሲያድር ቆዳው ይሳሳል፣ ሸንተረር ያወጣል። ዓይን አካባቢ ሲቀባ ግላኮማ የሚባለውን፣ ማየትን የሚነሳ የዓይን ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ሰውነትን ሙሉ ለወራት የተቀባ ሰው ደግሞ የስኳርና የደም ግፊት ችግር ሊገጥመው ይችላል፤ ሰውነቱም ኮርቲሶል የተባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ሊተው ይችላል።

ክሬሙ ሲቆም ደም ስሮቹ ይከፈቱና ፊት ይቃጠላል። መልሶ ሲቀባ ለጊዜው ይበርዳል። ደንበኛ የሚመላለሰው በዚህ ነው። ጉዳቱ ራሱ ገበያ ሆኗል፤ እኔን ከምንም በላይ ያንገበገበኝ ይህ ነው።

ከዚህ የከፋው ሜርኩሪ የተባለው መርዛማ ብረት ነው። ሜርኩሪ ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም እንዳይመረት ስለሚያግድ ፊት ያቀላል። ዋጋውም ርካሽ ነው። ዜሮ ሜርኩሪ የተባለው የድርጅቶች ጥምረት በ2019 እ.ኤ.አ ይፋ ባደረገው ምርመራ ከ12 አገሮች 158 ማቅያዎችን አስመርምሮ 96ቱ ላይ ከሚፈቀደው በላይ ሜርኩሪ አግኝቷል። በብዙ አገሮች የሚፈቀደው 1 ፒፒኤም፣ ማለትም በአንድ ኪሎ ክሬም ውስጥ 1 ሚሊግራም ብቻ ነበር። ከተመረመሩት ውስጥ ከ130,000 ፒፒኤም ያለፈ ተገኝቷል። ይህ በኪሎ ከ130 ግራም በላይ ነው!

ሜርኩሪ ኩላሊት ያበላሻል። ሽንት አረፋ መሥራቱ፣ ፊትና እግር ማበጡ አንዱ ምልክት ነው። እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያስረሳል፣ ያለ ምክንያት ያበሳጫል። ደግሞም ተቀቢው ላይ ብቻ አይቀርም። ወደ አየር ይተናል። በትራስ ልብስና በፎጣ ይተላለፋል። እናቱ ጉንጭ ላይ ተለጥፎ የሚተኛ ሕፃን አብሮ ይመረዛል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ወደ ፅንሱ ያልፋል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ጽሑፍ ያለበት ክሬም ከሆነ መመሪያውን እስከ ታች አንብቡት። "ከወርቅ፣ ከብር፣ ከአሉሚኒየም ጋር አይነካካ" ወይም "ጌጥ አውልቃችሁ ተቀቡ" የሚል ካያችሁ አስቀምጡትና ውጡ። ሜርኩሪ ወርቅን ስለሚይዝና ስለሚያበላሽ ነው እንደዚያ የሚጻፈው። ቀለበት የሚያበላሽ ነገር ፊት ላይ ምን ሥራ አለው? በዝርዝሩ ውስጥ ካሎሜል፣ ሜርኩሪየስ ክሎራይድ፣ አሞኒየትድ ሜርኩሪ የሚል ካለም ያው ሜርኩሪ ነው። ዝርዝር አለመኖሩ ግን የለበትም ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ አይጽፉትም።

ሃይድሮኩዊኖን የሚባል ሌላ ቆዳ የሚያቀላ ኬሚካልም አለ። ሐኪም እየተከታተለው ለማድያት ለተወሰነ ጊዜ ሊያዝ ይችላል። ለዓመታት ሲቀባ ግን ቆዳን መልሶ ያጠቁራል፤ ጥቁር ሰማያዊ የመሰለ ጠባሳ ጉንጭና ግንባር ላይ ይቀራል፣ ማጥፋቱም በጣም ከባድ ነው። ደቡብ አፍሪካ ይህን በሕዝቧ ላይ አይታ በ1990 እ.ኤ.አ ከመዋቢያዎች ከልክላዋለች። የአውሮፓ ኅብረትም ቆዳ ማቅያ ውስጥ እንዳይገባ አግዶታል።

"የእኔ እንኳ የታወቀ ብራንድ ነው" የምትሉ፣ ማን እንደከፈተው ታውቃላችሁ? በ2019 እ.ኤ.አ በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ አንዲት ሴት ከሜክሲኮ የመጣ፣ የታወቀ ብራንድ ስም ያለበት ክሬም ስትቀባ ኖራ ሆስፒታል ገባች። ንግግሯ ተኮላተፈ፣ እርምጃዋ ተንገዳገደ፣ ቀጥሎም ራሷን ሳተች። ክሬሙ ሲመረመር ሜቲል ሜርኩሪ የተባለው፣ አንጎልን የሚጎዳ የሜርኩሪ ዓይነት ተገኘበት። ፋብሪካው ያስገባው ሳይሆን በኋላ የተቀላቀለ ነበር። እኛ ሱቆች ውስጥ ከሦስት ከአራት ዕቃ እየተጨለፈ የሚደባለቀውን አስቡት። ታሽጎ ያልመጣ፣ ዓይናችሁ እያየ የሚቀላቀል ወይም ወደ ሌላ ዕቃ የተገለበጠ ክሬም በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ቀድሞ የጀመራችሁ ካላችሁ ዕቃውን ይዛችሁ ቶሎ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ። አዲስ አበባ ላላችሁ አለርት ሆስፒታል አለ። ስንት ጊዜ እንደተቀባችሁ ሳታፍሩ ተናገሩ። ሰውነታችሁን ሙሉ ለወራት ስትቀቡ ከነበረ ስቴሮይዱ በድንገት ሲቋረጥ ድካም፣ ማዞር፣ ማስመለስ ሊመጣ ስለሚችል ይህንን በተለይ ንገሩት። ሜርኩሪ ከተጠረጠረ ግን መቀባቱን ዛሬውኑ ተዉ፤ የሽንት ምርመራ ጠይቁ፣ ዕቃውን በፌስታል ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩትና ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡ።

ማድያት ያስቸገራችሁም በሐኪም የሚሰጥ ሕክምና አላችሁ። ግን ፀሐይ ሳይከለከል የትኛውም አይሠራም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፣ ፀሐይዋም ያንኑ ያህል ትበረታለች። የፀሐይ መከላከያ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጥላ ያስፈልጋል።

ሻጩን ደረሰኝ ጠይቁ። ዕቃውን ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሱ። ከዚያ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ነፃ መስመር 8482 ላይ ደውሉና የሱቁን ቦታ ተናገሩ። የአክስቴ ልጅ ደውላለች፤ እናንተም ደውሉ።