ላፕቶፔን ወደ ድሮው ዊንዶውስ ኤክስፒ የመለሰችልኝ ባለሙያ፣ እጇ ይባረክ

ይሄ ምስጋናም ጥቆማም ነው። አሮጌ ሶፍትዌር ይዛችሁ «ጊዜው አልፎበታል» የሚል መልስ የሰለቻችሁ ካላችሁ አንብቡት።

የጥልፍ ሥራ ነው የምሠራው። ማሽኔ አርጅቷል፤ ስፌቱ ግን ዛሬም አያሳፍርም። መከራዬን ያበላኝ ዲዛይን የማወጣበትና ወደ ማሽኑ የምልክበት ሶፍትዌር ነው። የዊንዶውስ 98 ዘመን ዕቃ ነው። ላፕቶፔ ላይ ዊንዶውስ 10 ከተጫነበት ወዲህ ሲዲውን ባስገባሁ ቁጥር «ይህ መተግበሪያ በዚህ ኮምፒዩተር ላይ አይሠራም» ይለኛል። አለቀ። ያሳየኋቸው ሰዎች ገሚሶቹ አዲስ ማሽን ይግዙ አሉኝ። ገሚሶቹ ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ (አሮጌ ፕሮግራም እንዲሠራ የሚሞክር የዊንዶውስ ምርጫ) ላይ ምልክት አደረጉ፣ እንቢ ሲላቸው ላፕቶፑን መለሱልኝ።

እሷ ግን ላፕቶፑን ሳትከፍት መጠየቅ ጀመረች። «ሲዲው አለዎት? ቁልፉስ? ማሽኑ የሚገናኘው በምን ገመድ ነው? በዚህ ላፕቶፕ ኢሜይል ይከፍታሉ?» የመጨረሻው ጥያቄ ለምን እንዳስፈለጋት የገባኝ በኋላ ነው።

ከዚያ ችግሩን ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ሶፍትዌሩ ራሱ 32 ቢት ነው፤ የሚጭነው ፋይል ግን 16 ቢት ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሠራሩ የቆየ ነው ማለት ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ፕሮግራሞች እንደዚያ ነበሩ። እንደኔው 64 ቢት የሆነ ዊንዶውስ ደግሞ 16 ቢት ፕሮግራም ጭራሽ አያስነሳም። ምልክት ብታደርጉ ባታደርጉ ለውጥ የለውም። ሁለተኛው ችግር ፍላሽ የምትመስለው የሶፍትዌሩ ቁልፍ ናት። እሷ ካልተሰካች ፕሮግራሙ አይከፈትም። ድራይቨሯ (ዊንዶውስ ዕቃውን እንዲያውቀው የሚያደርገው ፕሮግራም) የተሠራው ለ32 ቢት ነው፣ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ የ32 ቢት ድራይቨር አይቀበልም። ይህን ያህል ጊዜ ስንከራተት እነዚህን ሁለት ነገሮች የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ወዲያው «ኤክስፒ እንጫን» አላለችም። ሥራው ሶፍትዌር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጠንከር ያለ ኮምፒዩተር ላይ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በዊንዶውሱ ውስጥ ሌላ ዊንዶውስ የሚያስነሳ ፕሮግራም፣ እንደምትመክረኝ ነገረችኝ። የኔ ላፕቶፕ ራም 2 ጊጋ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ቁልፍና የማሽን ገመድ አለበት። 32 ቢት የሆነውን ዊንዶውስ 10ም አነሳች፤ እሱ 16 ቢቱን ሊያስነሳ ይችላል፣ ለቁልፏ ድራይቨር ግን ዋስትና የለም አለች። የሶፍትዌሩ መመሪያ ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ላፕቶፑን ገልብጣ ከሥሩ ያለውን ተለጣፊ አሳየችኝ። የኤክስፒ ፕሮፌሽናል የፈቃድ ቁጥር ነው፤ ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት የመጣው። የተጠቀመችው እሱኑ ነው። ክራክ (ያለ ፈቃድ መክፈቻ) የሚባል ነገር አላነሳችም።

በጣም ደስ ያለኝ ሃርድ ዲስኩን የያዘችበት መንገድ ነው። ከዊንዶውስ 10 ወደ ኤክስፒ በአንድ ጠቅታ መመለስ የለም፤ ከዜሮ መጫን ነው። ሌላው ሰው ቢሆን ፎርማት አድርጎት ያርፍ ነበር። እሷ ግን ዲስኩን ከነዊንዶውሱ ፈትታ አወጣች፣ ምን እንደሆነ ከላይ በወረቀት ለጥፋ ለኔ ሰጠችኝና ሌላ ዲስክ ከተተች። «ካልሆነ ያንን መልሰን እንሰካዋለን» አለችኝ። ይሄን ስሰማ ልቤ እፎይ አለ።

የኤክስፒ ሲዲ በመጀመሪያ ሙከራው ሃርድ ዲስኩን አላየውም ነበር። ኤክስፒ የወጣው 2001 ነው፤ ሲዲው ውስጥ ለዚህ ዓይነት የሳታ (የሃርድ ዲስክ ማገናኛ) አሠራር ድራይቨር የለም። በደንቡ ኤፍ6 ተጭኖ ድራይቨሩን በፍሎፒ መስጠት ነው። በዛሬ ጊዜ ፍሎፒ! እሷ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የላፕቶፑ ማስተካከያ) ውስጥ ገብታ የዲስኩን አሠራር ኤኤችሲአይ ከሚለው ወደ ድሮው አይዲኢ ቀየረችው፣ ዲስኩ ታየ። ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል አለች። ጥልፍ ለሚልክ ሰው ምኑም አይደል።

የስክሪን፣ የድምፅና የቺፕሴት ድራይቨሮቹን ቀድማ ከአምራቹ አውርዳ ይዛ ነበር። ኤክስፒ ከተጫነ በኋላ በራሱ ብሮውዘር አብዛኞቹን የዛሬ ድረ ገጾች መክፈት ስለማይቻል፣ ቀድሞ ያላዘጋጀ ሰው መሀል መንገድ ላይ ይቀራል።

ሶፍትዌሩ ተጫነ፣ ቁልፏም ተቀባይነት አገኘች። ማሽኑ ግን አይሰማም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው «እኔ የኮምፒዩተር ሰው ነኝ፣ ማሽኑን አላውቅም» ብሎ ይሸኛችኋል። እሷ ገመዱን አየች። ላፕቶፑ ላይ ማሽኑ የሚፈልገው የድሮው መሰኪያ፣ ሲሪያል ፖርት፣ ስለሌለ ዩኤስቢን ወደ ሲሪያል የሚቀይር ገመድ ነው የምጠቀመው። ዊንዶውስ ለገመዱ ኮም5 የሚል ቁጥር ሰጥቶታል፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ ግን የሚመረጠው ኮም1 ወይም ኮም2 ብቻ ነው። ዲቫይስ ማናጀር (የዊንዶውስ የዕቃዎች ዝርዝር) ውስጥ ገብታ 5ቱን 2 አደረገችው። የመላኪያ ፍጥነቱንም ቁጥር በላፕቶፑም በማሽኑም በኩል 9600 መሆኑን አረጋገጠች። ላክ ስትል ማሽኑ ዲዛይኑን ሳብ አደረገው። እንዲህ ያለች ጥቃቅን ነገር ናት ሰውን አዲስ ማሽን የምታስገዛው።

አሁን ወደ ኢሜይሉ ጥያቄ ልመለስ። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የደህንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው ሚያዝያ 2014 ላይ ነው፤ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ስለዚህ ይሄ ላፕቶፕ ከአሁን በኋላ ኢንተርኔት አያይም ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። ዋይፋዩን ባዮስ ላይ አጠፋችው። ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚከፍተውንም አሠራር ዘጋችው። ዲዛይን የማመላልሰው ለዚሁ ብቻ በለየሁት ፍላሽ ነው፤ ፋት32 በሚባለው የፋይል አያያዝ ፎርማት አደረገችልኝ፣ መጀመሪያ ሌላው ኮምፒዩተር ላይ በአንቲቫይረስ እፈትሸዋለሁ። ትንሽ አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ግን ቀድማ ስለነገረችኝ ቅር አላለኝም።

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሥራዬን ነው ያስቀጠልሽልኝ።

ለምትፈልጓት፦ የቆየ ላፕቶፕ፣ ከማሽን ወይም ከስካነር ጋር የታሰረ ሶፍትዌር ካላችሁ ዓይኔን ሳላሽ ነው የምጠቁማት። አዲስ ላፕቶፕ ይዛችሁ ኤክስፒ ጫኚልን ካላችሁ ግን እንቢ ትላለች፤ ድራይቨር የለውምና ልክ ናት። ለፍጥነት ብላችሁ ብቻ ወደ ኋላ መመለስ ከፈለጋችሁም አትሠራላችሁም፣ ራም ጨምሩ ብላ ትሸኛችኋለች። ለኔ ይሄ ራሱ አንድ የምመሰክርላት ነገር ነው።

ስልኳን ሳላስፈቅዳት እዚህ አልለጥፍም፣ በውስጥ ጻፉልኝ። ስትሄዱ የሶፍትዌሩን ሲዲ፣ ቁልፉንና ገመዱን ይዛችሁ ሂዱ። ላፕቶፕ ብቻ አንጠልጥላችሁ ከሄዳችሁ መልሳ ትልካችኋለች።