ስድስት ኪሎ ያለውን አስጎብኚ አመስግኑልኝ

ክረምት ሲገባ ቤታችን ጦር ሜዳ ነው የሚሆነው። ትምህርት የለም፣ ውጭው ዝናብ ነው፣ ቲቪው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። አምና አንድ የልጆች መጫወቻ ወስጃቸው ለትንሽ ዝላይ የከፈልኩት ብር እስካሁን ያንገበግበኛል። ዘንድሮ ሌላ ነገር ልሞክር አልኩና ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይዣቸው ሄድኩ። ልጁ አስር ዓመቱ ነው፣ እህቱ ስድስት። እናቴም «ብቻዬን ቤት ምን እሠራለሁ» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችን።

ትንሿ መንገዱን ሙሉ «አንበሳ ካላየሁ» እያለች ነበር። አስጎብኚው ይህን ሲሰማ ወደ ውስጥ አላስገባንም። መጀመሪያ ወደ ውጭ፣ ሕንፃው ፊት ወዳለው ጠመዝማዛ ደረጃ ወሰደን። ደረጃው የትም አያደርስም፣ ዝም ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣል። ጫፉ ላይ ግን አንዲት ትንሽ አንበሳ ተቀምጣለች። «ቁጠሩት» አላቸው። ልጄ አንድ ቁጥር አለ፣ እህቱ ሌላ፣ ተጣሉ። ሲያስታርቃቸው ነው ታሪኩ የወጣው። ደረጃውን ያሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ለየዓመቱ አንድ እርከን። «እና አንበሳዋ?» አለች ትንሿ። «እሷን እኛ ነን ጉብ ያደረግናት፣ ካሸነፍን በኋላ።» በዚህች አንዲት መልስ ልጆቹን ገዛቸው።

ግቢው ራሱ ከባድ ታሪክ አለበት። የጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚሁ ነው፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.። አስጎብኚው ለልጆቹ የአብርሃ ደቦጭንና የሞገስ አስገዶምን ጀግንነት ነገራቸው። ከዚያ በኋላ በከተማው ሕዝብ ላይ የወረደውን መከራ በአጭሩ አለፈው፤ ዝርዝሩን ለእኔ ነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የነገረኝ። ልጅ ያለው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ውስጡ የሰውን ዕድሜ ተከትሎ ነው የተደራጀው። ከልጅነት ይጀምራል፣ ወደ ጉልምስና ይሄዳል፣ በሞት ያበቃል። እኔ ለማመስገን የተነሳሁት ልጅነት ክፍል ውስጥ በሆነው ነገር ነው። እናቴ አንቅልባ ፊት ቆማ ቀረች። «እኔም እኮ በዚህ ነው የታዘልኩት» አለች፣ ለራሷ ነው ያለችው። ሌላ አስጎብኚ ቢሆን ንግግሩን ይቀጥል ነበር። ይሄኛው አፉን ዘጋ። ከዚያ «እማማ፣ እንግዲህ እርስዎ ያስረዱን» ብሎ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

እናቴ መቼም ሰው ፊት ማውራት አትወድም። የልጄን ጃኬት ተቀብላ ጠቀለለችው፤ ትንሿ ጀርባ ላይ አስቀመጠችና ነጠላዋን አውልቃ አሰረችላት። ጠፍሩ ደረት ላይ እንዴት እንደሚጠላለፍ፣ የሕፃኑ እግር በየት በኩል እንደሚወጣ፣ እናት እንዳዘለች እንዴት እንደምትፈጭ፣ ሁሉንም አሳየች። ሌሎች ልጆች ሲያልፉ አስጎብኚው «ኑ ኑ፣ እማማ እያስረዱ ነው» ብሎ ጠራቸው። የማላውቃቸው ስምንት የሚሆኑ ልጆች እናቴን ከበው ጥያቄ ሲያዘንቡባት አየሁ። እኔ ልጇ፣ ይህን ሁሉ ጠይቄያት አላውቅም።

ሌላውን ባጭሩ ላውራ። የንጉሡና የእቴጌይቱ መኝታ ክፍሎች እንዳሉ ናቸው። ልጄን ያፈዘዘው መስታወቱ ላይ ያለው የጥይት ቀዳዳ ነው፣ የ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ትዝታ። ትንሿ ደግሞ መታጠቢያ ቤቱን አይታ «ጃንሆይም ሻወር ይወስዳሉ?» ብላ አሳቀችን። ግርግሩ በተነሳ በዓመቱ ጃንሆይ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ እንደሰጡትም እዚያው ሰማን።

ሞት የሚለው ክፍል ስንደርስ እናቴ «እኔ እንግዲህ እዚህ ጋ ነኝ» ብላ ቀለደች። አስጎብኚው ምን አላት? «የለም እማማ፣ እርስዎ ገና ከልጅነት ክፍል አልወጡም።» ሳቋን መግታት አቃታት። ስንሰነባበት ትከሻውን መታ መታ አድርጋ «እደግ፣ እናትህን ደስ ይበላት» ብላ መረቀችው።

ስሙን ሳላስፈቅድ አልጽፍም። ቀጠን ያለ፣ ሳቂታ ወጣት ነው፤ ራሱን ካነበበው ያውቃል። ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ በሩ ላይ ፍተሻ ስላለ መታወቂያ ያዙ። በጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ዝናቡ አያወላዳም። ስትገቡ ልጆች እንደያዛችሁ ተናገሩና አስጎብኚ ጠይቁ፣ ለብቻችሁ አትዙሩ። ስትወጡ የየካቲት 12 ሐውልት አደባባዩ ላይ ነው፣ ለልጆቹ አሳዩአቸው። ከሁሉ በላይ አያት ካለ ይዛችሁ ሂዱ።

እናቴ ነጠላዋን እስከዛሬ አላገኘችም። አሻንጉሊት ታዝሎበታል።