ናስ፦ የጽኑ ሕሙማን ነርሶችን የሥራ ጫና የሚለካው ቅጽ ሲፈተሽ

ናስ፣ በሙሉ ስሙ ነርሲንግ አክቲቪቲስ ስኮር፣ 23 መስመሮች ያሉት፣ የጽኑ ሕሙማን ነርሶችን የሥራ ጫና የሚለካ ቅጽ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ሲታተም ስሌቱ በ15 አገሮች ከሚገኙ 99 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተወሰደ ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው ቅጽ፣ ቲስ 28፣ የነርሶችን ጊዜ 43 በመቶ ያህል ብቻ ሲያስረዳ ናስ 81 በመቶ አስረድቷል። ቲስ የሚቆጥረው በዋናነት ሕክምናውን ነው፤ ናስ ግን ታማሚውን ማጠብን፣ ማገላበጥን፣ ቤተሰብን ማነጋገርንም ይጨምራል።

100 ነጥብ ማለት ታማሚው ለ24 ሰዓት አንድ ነርስ ሙሉ በሙሉ ይዟል ማለት ነው፤ አንዱ ነጥብ 14.4 ደቂቃ ይሆናል። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ፣ የተረጋጋ ታማሚ እንውሰድ። በአንዱ ፈረቃ 2 ሰዓትና ከዚያ በላይ አልጋው አጠገብ መቆም 12.1፣ በቀን ከ3 ጊዜ በላይ ማገላበጥ 12.4፣ የሽንት መጠን መለካት 7.0፣ መድኃኒት 5.6፣ ሳንባን የሚያግዝ እንክብካቤ 4.4፣ ላቦራቶሪ 4.3፣ የጽሑፍ ሥራ 4.2፣ ንጽሕና 4.1፣ ቤተሰብ 4.0፣ የአየር ቱቦ እንክብካቤ 1.8፣ በቱቦ መመገብ 1.3፣ የደም ግፊት ማንሻ መድኃኒት 1.2። ማሽኑ ራሱ 1.4 ብቻ ነው! ድምሩ 63.8 ይመጣል።

አሁን የዚህ ታማሚ ቤተሰብ ክፉ ዜና ሰምቶ ነርሷ በአንድ ፈረቃ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከእነሱ ጋር ከቆየች 4.0 የነበረው 32.0 ይሆናል፤ ድምሩም 91.8። ሌላው ሕክምና ምንም አልተለወጠም። በአገራችን የጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ የሚያድሩትን አስታማሚዎች ለሚያውቅ ሰው ይህ መስመር ብቻውን ቅጹን ያስመሰግነዋል።

የካሊፎርኒያ ሕግ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለአንድ ነርስ ቢበዛ 2 ታማሚ ይላል። እዚያ የሚሠሩ ወገኖቻችን የሚያውቁት ጥሩ ሕግ ነው፤ ግን ከላይ ካየነው ዓይነት ሁለት ታማሚ የያዘች ነርስ ውጤቷ 127.6 ነው። በ12 ሰዓት ፈረቃ ውስጥ የ15 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ሥራ አላት ማለት ነው። የጎደለው 3 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ከምግቧ፣ ከዕረፍቷ፣ ከርክክብ በኋላ ቆማ ከምትጽፈው ቻርት፣ አለዚያም ሳይገላበጥ ከቀረው ታማሚ ይወጣል። ድካሙ በየቀኑ እየተጠራቀመ ሰውን የሚሰብረው እዚህ ላይ ነው።

የናስ ትልቁ ጉድለት ከቻርት መሞላቱ ነው። የተጨናነቀች ነርስ አስቀድማ የምትተወው ጽሑፉን ስለሆነ እጅግ ከባዱ ቀን በወረቀት ላይ ቀላል መስሎ ይወጣል። ከአንድ በላይ ምርጫ ባላቸው በ1፣ 4፣ 6፣ 7 እና 8 ቁጥር (ክትትል፣ ንጽሕና፣ ማገላበጥ፣ ቤተሰብና የጽሑፍ ሥራ) ላይ ደግሞ ብዙዎች በልማድ ዝቅተኛውን ምርጫ ያከብባሉ። በ1ኛው መስመር ብቻ በ4.5 እና በ12.1 መካከል ያለው ልዩነት 109 ደቂቃ ያህል ነው። መፍትሔው በርክክብ ሰዓት አስረካቢዋና ተረካቢዋ ታማሚው አጠገብ ሆነው አብረው መሙላት ነው። በየሳምንቱም ሁለት ነርሶች ሳይነጋገሩ አምስት ታማሚዎችን ሞልተው ቢያስተያዩ ክፍተቱ ቶሎ ይታያል።

ቅጹ የ24 ሰዓት አማካይ ስለሆነ ሌሊት የነበረውን ግርግር ይደፈጥጠዋል። በየፈረቃው መሙላት ይቻላል፤ የፈረቃዎቹን ውጤት ደምሮ እንደ ቀን ውጤት መያዝ ግን ስሕተት ነው። የጠፋ መድኃኒት መፈለግና የኦክስጅን ሲሊንደር ማስቀየርም የራሳቸው መስመር የላቸውም። እንዲህ ያለው ሥራ የሚበዛበት ክፍል ደቂቃውን ለብቻው ይመዝግብ።

ለአልጋ ድልድልና ለሰው ኃይል ጥያቄ ናስን ያለ ማመንታት እንመክራለን። 8 ታማሚዎች በድምሩ 560 ካመጡ በየፈረቃው 5.6 ነርስ ያስፈልጋል፤ 4 ብቻ ከተመደቡ እያንዳንዷ 140 ተሸክማለች። ሜትረኗ ይህን ይዛ ብትገባ የምትናገረው በማስረጃ ነው።

ናስ የነርሷን ደኅንነት ግን አይለካም። 90 ነጥብ ከዕረፍት ለተመለሰችና አራተኛ ሌሊቷን ለምታድር ነርስ አንድ አይደለም። ስለዚህ ከጎኑ ሠራተኛዋ የተሰማትን ጫና ራሷ የምትሞላበትን መጠይቅ፣ ናሳ ቲኤልኤክስን፣ እንጨምራለን፤ የአእምሮ ጫና፣ የአካል ጫና፣ የጊዜ ጥድፊያ፣ የሥራ ውጤት፣ ጥረትና ብስጭት የሚሉ ስድስት መለኪያዎች አሉት፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 100። “የሥራ ውጤት” የሚለው ላይ ተጠንቀቁ፤ እሱ ላይ ዝቅተኛው ቁጥር “ተሳክቶልኛል” ማለት ነውና ብዙዎች ገልብጠው ይሞሉታል። በፈረቃው ማብቂያ፣ ስም ሳይጻፍበት፣ በሳጥን ይሰብሰብ። ለሥራ አፈጻጸም ምዘና ይውላል የሚል ጥርጣሬ ከገባ ሁሉም 50 ላይ ያከብባል።