«ሲስት አለሽ» ተብላችሁ ለተመለሳችሁ፦ ኮዬ ፈጬ ያለችውን ሐኪም እዩአት

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም መድኃኒት ቤት የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። ማዘዣዋ በየቀኑ እጃችን የሚገባውን የማህፀን ሐኪም ማመስገን ፈልገን ነው። ስሜን አትጻፉ ብላለች፤ ክሊኒኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን።

ነገሩ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም (PCOS) ስለሚባለው የሆርሞን መዛባት ነው፤ ኦቫሪ እንቁላል የሚያመርተው የሴት አካል፣ ሲስት ደግሞ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ማለት ነው። ከሌላ ቦታ የሚመጡትን ወረቀቶች ስናይ እንናደዳለን። አልትራሳውንዱ ላይ «ብዙ ሲስት» ይባልና ሴቲቱ «የሚያሟሟ መድኃኒት ስጡኝ» ብላ ትመጣለች። እንዲህ ያለ መድኃኒት የለም፤ የሚሟሟም ነገር የለም። ሌላዋ ክሎሚፌን (እንቁላል እንዲወጣ የሚረዳ ኪኒን) ለወራት ያለ ክትትል ስትውጥ ትቆያለች፣ የባሏ ዘር ግን አንዴም አልተመረመረም። ለሌላዋ ደግሞ ሜትፎርሚን (የስኳር መድኃኒት) 850 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ከመጀመሪያው ቀን ይታዘዛል፣ ከምግብ ጋር ውሰጂ የሚላት የለም፤ ሆዷ ተበጥብጦ በሳምንቷ ታቆማለች። ያዘዘው ራሱን ያውቃል።

የዚህችን ሐኪም ማዘዣ ገልብጡት። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አንድ ትልቅ ክብ፣ ዳር ዳሩን ትንንሽ ክቦች፣ ከሥሩ በአማርኛ፦ «እጢ አይደለም። እድገታቸው መሃል ላይ የቆመ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። ኦፕራሲዮን አያስፈልግም።» ያቺን ስዕል ይዘው ለባልና ለአማት የሚያሳዩ ስንት አሉ! እግዜር ይስጣት።

ነገሩን ያበላሸው «ፖሊሲስቲክ» (ብዙ ሲስት ያለው) የሚለው ስሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ስታይንና ሌቨንታል የተባሉ የቺካጎ ሐኪሞች 7 ሴቶች ላይ ያዩትን ጻፉ፤ ኦቫሪው ላይ የታየው ነገር የበሽታው ስም ሆኖ ቀረ። በ2003 ሮተርዳም ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ከ3 ምልክት 2ቱ ይበቃሉ አሉ፦ የወር አበባ መዘግየት ወይም መቅረት፤ የወንዴ ሆርሞን መብዛት (በደም ወይም በአገጭ ፀጉርና በብጉር የሚታይ)፤ የኦቫሪው መልክ። ስለዚህ ኦቫሪዋ ንጹሕ የሆነ ሴትም ሊኖርባት ይችላል፤ ከረጢት የበዛባት ደግሞ ምንም ላይኖርባት ይችላል። በ2012 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሰበሰበው ገለልተኛ ቡድን ስሙ ስለሚያሳስት ይለወጥ ብሎ ነበር። ስሙ ኦቫሪን ብቻ ያሳያል፤ ኢንሱሊኑን፣ ስኳሩን፣ ደም ግፊቱን፣ ድብርቱን ይደብቃል።

ሐኪሟ ካርዱ ላይ «ሲስት» አትጽፍም። «የሆርሞንና የሜታቦሊዝም መዛባት» ትልና ያገኘችውን ከሥሩ ትዘረዝራለች። መጀመሪያ የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞኖች ምርመራ ታዛለች፤ እነሱም የወር አበባ ያዛባሉና። ስኳሩን ማታ ጾመሽ ጠዋት 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥተሽ ከ2 ሰዓት በኋላ ነው የምታየው፤ የጾም ስኳር ብቻውን ብዙዎቹን ያሳልፋል። የወር አበባ ካየች 8 ዓመት ያልሞላትን ልጅ ግን ለዚህ ብላ አልትራሳውንድ አታሳያትም፤ በዚያ ዕድሜ ከረጢት መብዛቱ የተለመደ ነው። የ15 ዓመት ልጃችሁን «ሲስት አለባት» ብለው ያስደነገጧችሁ እናቶች ይህን ስሙ!

ሜትፎርሚን ስታዝ በ500 ከእራት ጋር ትጀምራለች፣ በየሳምንቱ ወይም በየ2 ሳምንቱ 500 እየጨመረች። የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ስታዝም ምክንያቱን ትናገራለች፦ የወር አበባ ከ90 ቀን በላይ ሲቀር የማህፀኑ ግድግዳ እየወፈረ ይሄዳል፣ ሳይታከም ለዓመታት ሲቆይ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። ኪኒኑ ይህን ይከላከላል፤ መካን አያደርግም። መውለድ ለምትፈልግ ደግሞ ሌትሮዞል (እሱም እንቁላል እንዲወጣ የሚረዳ) 2.5 ሚሊ ግራም በቀን ለ5 ቀን፣ ያውም እርግዝና አለመኖሩ ታይቶ የባልም ውጤት ከመጣ በኋላ። (አብሽ ብቻ ይበቃሻል የሚሉትን ተዋቸው፤ መጠጣቱ ባይከለከልም።)

ስትሄዱ ያለፉትን 6 የወር አበባ ቀኖች ጽፋችሁ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ከነካርቶኑ፣ የድሮ ውጤት ካለም ይዛችሁ ሂዱ። የመከላከያ ኪኒን ላይ ካላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ የወንዴ ሆርሞኑን ውጤት ስለሚያሳንሰው ከመመርመራችሁ በፊት 3 ወር ታስቆማችኋለች፣ እስከዚያ ሌላ መከላከያ ትሰጣችኋለች። ሂዱ፣ እባካችሁ ሂዱ፤ ወረፋው ቢረዝምም ጠብቁ።