ባለ 5 እርከኑ የኋላ አሞርዛተር ሐረጎ ላይ ሲፈተን

ደሴም ኮምቦልቻም በመለዋወጫ መደብሮች ለ100 እና ለ150 ሲሲ ሞተር ሳይክል የሚሸጠው የኋላ አሞርዛተር ጥንድ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 5 እርከን ነው፤ ሞላውን የሚወጥረው ቀለበት በአምስት ደረጃ ይዞራል። ለዋጋው መጥፎ ዕቃ አይደለም። ችግሩ ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው፦ «ጭነት ይችላል» ተብሎ 5ኛው ላይ ይወጠርና እዚያው ዝጎ ይቀራል።

ቀለበቱን ማዞር ሞላውን አያጠነክረውም። የሚለወጠው ሞላው አስቀድሞ የሚጨመቅበት መጠን ነው፤ በዚህም ሞተሩ ከነጭነቱ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይቆማል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎ መንገድ ለሚመላለስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ ላይ ናቸው፤ ቁልቁለቱ ሁሉ ጠመዝማዛና ፍሬን ነው። ሲወረድ ክብደት ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ብቻውን 5ኛው ላይ ከነዳ የኋላው ጎማ እየነጠረ አስፋልቱን ይለቃል፤ የእግር ፍሬን ሲረገጥ ይንሸራተታል፣ በክረምትማ አይጣል ነው። ሰውና ግማሽ ኩንታል ጭኖ በ1ኛው እርከን ሽቅብ የሚወጣው ደግሞ ኋላው ቁጢጥ ይልበታል፣ መሪው ይቀለዋል፣ ማታ መብራቱ ከፊቱ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል።

ልኩን ለማግኘት ሜትርና ሁለት ረዳት ይበቃሉ። ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው አቁሙና የኋላው ጎማ አየር ላይ እያለ ከጎማው ዘንግ ቀጥ ብሎ እስከ መቀመጫው ሥር ያለ አንድ ምልክት ድረስ ለኩ፤ 540 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። ከማቆሚያው አውርዳችሁ ባዶውን ለኩ፦ 532። ነጂው ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ እግሩን መርገጫው ላይ አድርጎ ሲቀመጥ 511 ከሆነ የወረደው 29 ሚሊ ነው። የኋላ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሰው 100 ሚሊ ለሆነ ሞተር ከ25 እስከ 33 ጥሩ ነው። ከዚያ ከበለጠ አንድ እርከን ጨምሩ፣ ካነሰ ቀንሱ። አሞርዛተሩ በሰበቃ ያዝ ስለሚያደርግ አንዴ ተጭናችሁ፣ አንዴ አንስታችሁ ልቀቁትና አማካዩን ውሰዱ። ብዙ ሰው የሚዘለው የባዶው ልክ ነው። ነጂው ሲቀመጥ ልኩ ደርሶ ባዶው ግን ምንም ካልወረደ ሞላው ለነጂው ለስላሳ ነው፤ ይህን ቀለበት አያድነውም፣ ሞላው መለወጥ አለበት።

ከማዞራችሁ በፊት ጭቃውን ጥረጉ፣ ቀለበቱን ዘይት አስነኩት። በመዶሻና በመሮ የሚመቱት አሉ፤ ጥርሱ ከተበላ በኋላ መንጠቆ መፍቻም አይዘውም። ግራና ቀኙ አንድ እርከን ላይ ይሁኑ፤ ከተለያዩ የኋላ ጎማውን የያዘው ክንድ ይጣመማል፣ ሞተሩም ወደ አንድ ጎን ይስባል።

ስትገዙ ከላይኛው ቀዳዳ መሃል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሃል ያለውን ርዝመት ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። የረዘመው ኋላውን ያነሳል፣ መሪውን ያቀብጠዋል፣ ሞተሩም በጎን ማቆሚያው ከልክ በላይ ያዘነብላል። ጎኑ ላይ የጋዝ ጠርሙስ የተለጠፈበት ቢያምርም አንዳንዱ ውስጡ ባዶ ነው፤ ከዋናው ሲሊንደር ጋር የሚያገናኘው መተላለፊያ ከሌለ ጌጥ ነው። ከተገጠመ በኋላ ኋላውን በኃይል ተጭናችሁ ልቀቁት። አንዴ ተመልሶ ጸጥ ካለ ደህና ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘለለ ወይም የአሞርዛተሩ ዘንግ ዘይት ከለበሰ አልቋል፤ እርከን መጨመር ዝላዩን ያባብሰዋል እንጂ አያቆመውም።

ይህ ዕቃ የመመለሻ ፍጥነት ማስተካከያ የለውም፤ በዚህ ዋጋም አይጠበቅም። የፊቱ አሞርዛተር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ምንም ማስተካከያ ስለሌለው ያለው መላ ዘይቱ ነው። መመሪያው የሚለውን ዓይነትና መጠን በሁለቱም እግር እኩል፣ በመርፌ ሲሪንጅ እየተለካ። ወፍራም የሞተር ዘይት ከተሞላ የፊቱ ከጉድጓድ ጉድጓድ ሳይመለስ እየወረደ ይሄዳል፤ ድንጋይ ንጣፉ ላይ ክንድ የሚያደነዝዘው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እርከን ከለወጣችሁ የሰንሰለቱን ልልነትና የመብራቱን አቅጣጫ ሰው አስቀምጣችሁ እንደገና እዩ።