በነጻ የሚታይ ዘለፋ፦ ረቡዕ እኩለ ቀን በዌስትሚንስተር

ለንደን ውስጥ በነጻ ከሚታይ ነገር ሁሉ ይሄን የሚያህል አላገኘሁም። ሙዚየሞቹን ጨምሬ ነው የምላችሁ። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር በታችኛው ምክር ቤት ቆሞ ለግማሽ ሰዓት ይጠየቃል። ይጠየቃል ያልኩት ለወጉ ነው። ይዘለፋል። እሱም ተቀናቃኙን መልሶ ይዘልፋል። የሁለቱም ደጋፊዎች ከኋላ ሆነው ያሟሙቃሉ። እናንተ ከላይ ጋለሪው ላይ ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ።

የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። 159 ቁጥርን ስነዳ በፓርላማው ደጅ አልፋለሁ። የረቡዕን ግርግር ከመሪው ጀርባ ሆኜ ለምጄዋለሁ። ሜጋፎን የያዘ አለ፣ መፈክር የያዘ አለ፣ ባንዲራ የተከናነበ አለ። ወደ ውስጥ የጎተቱኝ ግን ጎረቤቴ ጋሼ ናቸው። ጋሼ ከጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ዘመን ጀምሮ የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ደጋፊ ናቸው፤ ንቅንቅ የለም። እኔ የሠራተኛ ማኅበር መዋጮ የምከፍል ሰው ነኝ። እያጉረመረምኩም ቢሆን ድምፄ ብዙውን ጊዜ ወደ ተቀናቃኙ ፓርቲ ወደ ሌበር ይሄዳል። እንግዲህ ይሄ ግምገማ ከሁለት ተቀናቃኝ ወንበር የታየ ነው ማለት ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

አገባቡ ቀላል ነው፣ ግን ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ክሮምዌል ግሪን በሚባለው በር ነው የሚገባው። ኪስ ይራገፋል፣ ቦርሳ ይፈተሻል። ከዚያ በዌስትሚንስተር አዳራሽ ውስጥ ያልፋሉ። አዳራሹ በ1097 የተሠራ ነው። ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በ1649 ሞት የተፈረደበትም እዚሁ ነው። ጋሼ በዚህ ቦታ ቆመው ሊያስረዱኝ ሲጀምሩ ከኋላችን ያለው ሰልፍ ገፋን።

ጋለሪው ላይ ስንቀመጥ ገና የዌልስ ጉዳዮች ጥያቄ ላይ ነበሩ። ይሄን ክፍል ማንም አይነግራችሁም፤ እኔ ግን በጣም ነው የወደድኩት። ሚኒስትር ቆሞ በቁም ነገር ያስረዳል። የሚሰማው የለም። አባላቱ እየተጋፉ ይገባሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ወንበር ይፈልጋሉ። አባላቱ 650 ሲሆኑ ወንበሩ የሚበቃው ለ427 ያህል ብቻ ነው። የቀረው በር ላይ ይቆማል፣ ደረጃ ላይ ይቀመጣል። ጥሩ ቦታ የሚፈልግ ጠዋት ለጸሎት መግባት አለበት፤ ጸሎት የቆመ ሰው በካርድ ወንበሩን ያስይዛል። ጋሼ ይሄን ስነግራቸው «ስንቱ ከሃዲ ረቡዕ ረቡዕ አማኝ ይሆን!» አሉ፤ አስተናጋጁ ዞር ብሎ አየን። ከዚያ ወዲህ ጸጥ አልን።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ጋለሪ ላይ መናገር የለም። ማጨብጨብ የለም። ስልክ መነካካትም የለም። ተቀናቃኝ መሪያችሁ ዓይናችሁ እያየ ይወረፋል፣ እናንተ ግን «ደግ አደረገው» ማለት አትችሉም። የራሳችሁ መሪ ሲወረፍም ዝም። ጋሼ ቤታቸው ቴሌቪዥን ላይ የሚጮሁት እንዴት እንደሆነ ግድግዳ ስለምንጋራ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ጃንጥላቸውን ሁለት እጃቸው ውስጥ እያሻሹ ነበር የተቀመጡት።

ታች ያሉትም ቢሆኑ እንደፈለጉ አይናገሩም። ንግግር ሁሉ የሚሄደው ለአፈ ጉባኤው ነው። ተቀናቃኙን «አንተ» ብሎ መጥራት አይቻልም፤ ክቡር እያሉ ነው የሚወቅጡት። ውሸታም ማለትም ክልክል ነው። የሌበሯ ዶን በትለር በጁላይ 2021 የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ዋሽቷል አለች፣ ቃልሽን አንሺ ስትባል እምቢ ብላ ከምክር ቤቱ ተባረረች። ከእሷ በፊት ዴኒስ ስኪነር የሚባለው የቀድሞ ማዕድን ቆፋሪ በ2016 የያኔውን ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮንን «ሸፋጩ ዴቭ» ብሎ ጠርቶ ነበር። አንሳ ሲባል ደገመው። እሱም ወጣ።

በእኔ ግምት የዚህ ትርኢት ጣዕም ያለው እዚህ ክልከላ ውስጥ ነው። ስድብ ሲከለከል ሰው ማሰብ ይጀምራል። ቶኒ ብሌር ተቃዋሚ በነበረበት በ1995፣ ፓርቲው የተከፋፈለበትን ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀርን «እኔ ፓርቲዬን እመራለሁ፣ እሱ ፓርቲውን ይከተላል» አለው። አለቀ። ዐሥር ዓመት ቆይቶ ብሌር ራሱ ዕጣው ደረሰው። ካሜሮን በ2005 የፓርቲ መሪ ሆኖ በመጣበት የመጀመሪያ ቀን «ስለ ወደፊቱ መናገር እፈልጋለሁ፤ እሱም ድሮ የወደፊቱ ሰው ነበር» አለው። በ2007 ደግሞ የሊበራል ዴሞክራቶቹ ቪንስ ኬብል፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከስታሊን ወደ ሚስተር ቢን ተለወጠ ብሎ ቤቱን በሳቅ ገደለው። አንዳቸውም የተከለከለ ቃል አልተጠቀሙም። ሰዎቹ ግን እስከ ዛሬ በእነዚህ መስመሮች ነው የሚታወሱት።

እኛ የሄድን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሌበሩ ኪር ስታርመርና የተቃዋሚው የኮንሰርቫቲቭ መሪ ኬሚ ቤደኖክ ነበሩ ፊት ለፊት። ጋሼ ቤደኖክን ይወዷታል። «ያቺ የናይጄሪያ ልጅ» ሲሉ የልጃቸውን ምረቃ የሚያወሩ ነው የሚመስለው። በብሪታንያ ትልቅ ፓርቲ የመራች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው መሆኗን ሳልጠይቃቸው ይነግሩኛል። የተቃዋሚው መሪ ስድስት ጥያቄ አለው። ስድስቱንም ቆጥረው ነው የሚያዳምጧት።

እኔ ግን መሪዎቹን ብዙም አላየኋቸውም። ዓይኔ የተሰካው ከኋላቸው ባሉት ላይ ነው። እነዚህ የኋላ ወንበር አባላት የሠርግ አጃቢ ናቸው፤ ሙሽራው ቢያነጥስም ሆ ይላሉ። ስታርመር ገና «ዐሥራ አራት ዓመት» ሲል፣ ማለትም ኮንሰርቫቲቮች ከ2010 እስከ 2024 የገዙበትን ዘመን ሲያነሳ፣ የሌበር ወንበር በሙሉ ያጓራል። ቤደኖክ መንግሥት ስለለወጠው ፖሊሲ ስታነሳ ደግሞ በተራው ያኛው ወገን ይነሳል። «መልስ! መልስ!» እያሉ ወረቀት ያውለበልባሉ። ዋና ጯሂዎቹ ደግሞ ሁሌ ያው ሰዎች ናቸው። አንዱ ቀድሞ ይጀምርና ሌሎቹ ይከተሉታል። ከመሪያቸው ጀርባ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ደግሞ ንቀታቸውን በሙሉ በቅንድብ ብቻ ሲገልጹት ነበር። ተቀናቃኙ አንድ ነገር ሲል ቅንድብ ወደ ላይ፣ ራስ ነቅነቅ፣ ጎረቤት ጆሮ ውስጥ ሹክ።

ቴሌቪዥን ይሄን አያሳያችሁም። ካሜራው በሚናገረው ሰው ላይ ነው የሚውለው። ማይክሮፎኑም የሚከፈተው ለተናጋሪው ስለሆነ ቤት ስትሰሙ ጩኸቱ ከሩቅ ይመስላል። እዚያ ስትሆኑ ግን ደረታችሁ ላይ ይሰማችኋል። አንዳንዱ አባል ጋደም ብሎ ሲታይ የተኛ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ወንበሩ መደገፊያ ላይ ትንንሽ ድምፅ ማጉያ ስላለ ጆሮውን አስጠግቶ ነው። እንዲህ ካልተጋደመ በገዛ ወገኖቹ ጩኸት የገዛ መሪውን አይሰማም።

አፈ ጉባኤው ሰር ሊንዚ ሆይል ጥሩ ነው። ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ ሁሉም ይቀመጣል። የሰሜን እንግሊዝ፣ የላንክሻየር አነጋገሩ እንደ መምህር ያስፈራል። በጁላይ 2022 አላርፍ ያሉ ሁለት አባላትን በዚሁ የጥያቄ ሰዓት ከቤቱ አስወጥቷል። እኔ በበኩሌ ቢያንስ አንድ ሰው ሲባረር አያለሁ ብዬ ጓጉቼ ነበር። አልሆነም።

አሁን ወደ ጉድለቱ። አንደኛ፣ መስታወቱ። ከ2004 ጀምሮ ተመልካቹ ያለው ከወፍራም መስታወት ጀርባ ነው፤ ድምፅ የሚመጣው በማጉያ ነው። የሚገርመው በዚያው ዓመት ሜይ ወር ሁለት ሰዎች ቶኒ ብሌር ላይ ሐምራዊ ዱቄት ወረወሩበት፤ የወረወሩት ግን ከመስታወቱ ፊት ካለው የእንግዶች ቦታ ነው። እኛ ተራዎቹ ታጥረን እንግዶቹ ዱቄት በተኑ። ሁለተኛው ጉድለት የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች የሚያቀርቡት ጥያቄ ነው። «ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለወረዳዬ ያደረጉትን ድንቅ ሥራ...» እያለ የሚጀምር ጥያቄ ምን ጥያቄ ነው? ማዛጋት ያልተከለከለው ለዚህ ይመስለኛል። ትንንሽ ፓርቲዎች ደግሞ ድርሻቸው ጠባብ ነው። በ2024 ምርጫ አምስት ወንበር ያገኘው የናይጄል ፋራጅ ሪፎርም ፓርቲ በየሳምንቱ የተረጋገጠ ጥያቄ የለውም፤ ስሙ ግን ከሁለቱም ወገን ይነሳል። የእሱ ደጋፊ ብሆን ይሄ ያናድደኝ ነበር። አይደለሁም፣ ስለዚህ አላናደደኝም።

መልስ ፍለጋ የምትሄዱ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። ስለ ኪራይ፣ ስለ ሐኪም ቤት ወረፋ፣ ስለ ክረምት ማሞቂያ ድጎማ ተነስቷል፤ አንዱም መልስ አላገኘም። ጥያቄው ተቀናቃኙን ለመውጋት የተሳለ ነው፣ መልሱም ያንኑ መልሶ ለመወርወር።

ስንወጣ ድልድዩ አጠገብ ቆመን የታፈነ ድምፃችንን ለቀቅን።

«አየሽው አይደል? አደባየችው!» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ አራተኛው ጥያቄ ላይ እኮ ወገኖቿ ራሳቸው ወለል ወለሉን ሲያዩ ነበር።»

«ወረቀት ወድቆባቸው ነው።»

«የሁሉም?»

«አንቺ ልጅ፣ ስታርመር ምን መለሰ? እስቲ አንድ መልስ ጥቀሺልኝ!»

እዚህ ላይ ያዙኝ። ትንሽ አሰብኩና የታቸርን ስም አነሳሁ፤ ጥያቄያቸው ተረሳ። እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ስለ ታቸር ተከራከርን። ሁለታችንም ያየነው አንድ ግማሽ ሰዓት ነው፣ ሁለታችንም አሸናፊውን ይዘን ነው የተመለስነው።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን ለመስታወቱ ቀንሻለሁ።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ብሪታንያ የምትኖሩ ከሆነ ትኬት የሚጠየቀው ከአካባቢያችሁ የፓርላማ አባል ነው። ክፍያ የለውም፣ ፈላጊው ግን ብዙ ስለሆነ ቶሎ ጻፉ። ትኬት የሌለውም መሰለፍ ይችላል፣ የሚገባው ግን ቦታ ከተረፈ ነው። በሌላው ቀን ተራ ክርክር ለማየት እንዲህ አያስጨንቅም።

አባሉን ያልመረጣችሁት ቢሆንም ትኬት መጠየቅ ትችላላችሁ። የእኛ ሰፈር እንደራሴ የሌበር ሰው ነው። ጋሼ ትኬቱን ያገኙት ከእሱ ነው። የምስጋና ደብዳቤ ጽፈው አርሚልኝ ብለው አምጥተውልኝ ነበር። ምስጋናው አንድ መስመር ነው። ከዚያ በታች ገጹን በሙሉ ስታርመር ላይ ያላቸውን ቅሬታ ዘርዝረዋል። ፊደሉን አርሜ ሐሳቡን እንዳለ ተውኩት።