የቴስታታ ጋስኬት ከመቀየር በፊት፦ አንድ የደብረ ማርቆስ ጋራዥ

ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ ዓባይን ተሻግሬ ወደ ደጀን የሚወስደውን ዳገት በመውጣት ላይ ሳለሁ፣ የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ሲጠጋ አየሁ። መኪናዬ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ ከአባቴ የቀረችልኝ በመሆኗም በቀላሉ የምጥላት ንብረት አይደለችም። ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ፣ እስኪበርድ ጠበቅሁና ውሃ ጨምሬ፣ እየቆምሁ እየተነሣሁ ደብረ ማርቆስ ገባሁ።

መጀመሪያ የወሰድኋት ጋራዥ የዘይት ክዳኑን ከፍቶ ከሥሩ የተለጠፈውን ቅቤ መሰል ነጭ አረፋ እንዳየ፣ ሌላ ምንም ሳይመረምር "የቴስታታ ጋስኬት በልቷል፤ ነገ እናወርደዋለን" አለኝ። ቴስታታ የሚባለው የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፤ ጋስኬቱ ደግሞ በእሱና ከሥሩ ባለው የሞተሩ ዋና አካል፣ በብሎኩ፣ መካከል ያለ ማሸጊያ ነው። ያ አረፋ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን የተረዳሁት በኋላ ነው። እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ብርዳም ደጋ፣ መኪና ከቤት እስከ ገበያ ብቻ እየተመላለሰች ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ከጠፋ፣ ውስጡ ያለው እርጥበት ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ክዳኑ ሥር ይህንኑ አረፋ ሊሠራ ይችላል።

ይህን የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ጋራዥ ነው። ባለሙያው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። የሆነውን ሁሉ ሳያቋርጡኝ ካዳመጡ በኋላ፣ "ልጄ፣ ማውረዱስ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ወጪው የሚገባት መሆኑን እንይ" አሉኝ።

የጀመሩት ከራዲያተሩ ክዳን ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ግፊቱን ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ100 በላይ የሚያደርሰው ክዳኑ ስለሆነ፣ ጎማው የደረቀ ክዳን ብቻውን መኪና ሊያፈላ ይችላል። የእኔው ክዳን ደኅና ነበር። ቀጥሎ ሰማያዊ ፈሳሽ የያዘ የመስታወት ቱቦ በራዲያተሩ አፍ ላይ ገጥመው ሞተሩን አስነሡና ከውሃው በላይ ያለው አየር በፈሳሹ ውስጥ እንዲያልፍ አደረጉ። ዐይኔን ሳልነቅል ስመለከት ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያም ወደ ቢጫ ተለወጠ። የተቃጠለ ቤንዚን ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነበር ማለት ነው። በመጨረሻ ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚለኩሱትን) ፈትተው የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት ለኩ፤ ጎን ለጎን ያሉት ሁለተኛውና ሦስተኛው ወርደዋል፣ አንደኛውና አራተኛው ግን ጤነኛ ናቸው።

ውሳኔዬን የወሰነው ይህ የመጨረሻው ልኬት ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ብቻ መውረዳቸው የሚጠቁመው በመካከላቸው ያለውን ጋስኬት ነው። አራቱም ዝቅ ብለው ቢገኙ ኖሮ የፒስተን ቀለበቶቹ አልቀዋል የሚለው ግምት ስለሚያመዝን፣ ባለቀ ሞተር ላይ አዲስ ጋስኬት መግጠም ገንዘብ ማባከን ይሆን ነበር። ዘይቱም ተቀድቶ ሲታይ ውሃ አልገባበትም፤ ውሃ የገባበት ዘይት ብሮንዚናውን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበትን ማቀፊያ) ይጎዳልና ይህንንም ሳያዩ አላለፉም። በሌላ በኩል፣ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ የጫነው ቀረጥና በ2016 በነዳጅ መኪኖች ላይ የተጣለው የማስገባት ክልከላ ባለበት፣ ቦዲዋና ካምቢዮዋ (የማርሽ ሳጥኗ) ደኅና የሆነችን ዲኤክስ ሽጦ የተሻለች መግዛት ለደመወዝተኛ የሚቀመስ አይደለም። ይጠገን አልሁ።

ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው ደግሞ አልሙኒየም ነው፤ አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ፣ መኪና ስትፈላ ቴስታታው ይጣመማል። ባለሙያው ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቴስታታው ፊት ላይ አጋድመው፣ እንደ ወረቀት የሳሳ የብረት ምላስ ከሥሩ ለማስገባት ሞከሩ። በመካከሉ ላይ በቀላሉ ገባ፤ ተጣሟል ማለት ነው፤ የሚፈቀደው ክፍተት 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑንም ነገሩኝ። ስንጥቅ ስላልነበረው ወደ ሬክቲፊካ (የሞተር ክፍሎች በማሽን ወደሚላጉበት ቤት) ተልኮ ተላገ። የፈላችበትን ምክንያት ሳያስወግዱ ጋስኬት መግጠም እንደማይወዱ ተናግረው፣ ሁልጊዜ ተራ ውሃ ሲሞላበት ኖሮ በዝገት የተደፈነውን ራዲያተር አጸዱ፣ የውሃውን ዝውውር እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቴርሞስታትም ቀየሩ። ቡሎኖቹን ከመሐል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ በመለኪያ ቁልፍ ሲያጠብቁ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ሰው በእጁ ስሜት ብቻ የሚያጠብቅበትን ጋራዥ እንዳልመርጥ ያደረገኝ ይህ ነው።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። ዋጋውን በጽሑፍ አልሰጡኝም፤ የሬክቲፊካው ክፍያ የተጨመረው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ጋስኬቱ ራሱ የጠቅላላው ወጪ ትንሹ ክፍል መሆኑን አስቀድመው ቢነግሩኝ በተዘጋጀሁ ነበር። በሦስት ቀን ያሉት ሥራም ሰባት ቀን ፈጅቷል። በሥራው ጥራት ግን የምነቅፈው የለኝም፤ ወደዚያው የምሄድ ሰው ካለ የቴስታታውን ማስላጊያ ጨምሮ ዝርዝሩን በወረቀት እንዲጠይቅ እመክራለሁ።

ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ሆኗል፤ ዓባይንም ሁለት ጊዜ ወርጄ ወጥቻለሁ። በደጀኑ ዳገት ላይ መርፌው ከግማሽ አላለፈም፤ በየሳምንቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ የማየው ውሃም እስካሁን አልጎደለም።